የመራሪት ነጫጭ ምስክሮች

ዶክተሯ ከሥራ ስትገባ እናቷ "እንዴት ዋልሽ?" ብላ አትጠይቃትም። "አይጦቹ እንዴት ዋሉ?" ነው የምትላት። ልጅቷ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ጥያቄው በር ላይ ይቀበላታል።

"ደህና ናቸው እማዬ።"

"ይበላሉ?"

"ከኔ በላይ።"

"አንቺማ መች ትበያለሽ! ከነሱ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ብትገቢ ማን ይለይሻል?"

እንዲህ እየተባባሉ ይስቃሉ። ከውጭ ለሚሰማቸው ተራ ጨዋታ ነው። የምን ጨዋታ! እናትየዋ ስለ አይጦቹ ስትጠይቅ የምትጠይቀው ስለ ራሷ ነው፤ ልጇም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየዋ በጉብዝናዋ ዘመን በሰፈሩ ስሟ የተጠራ ቅጠል አዋቂ ነበረች። ጓሮዋ ውስጥ ቅጠሏ ደቃቅ፣ ምሬቷ ግን ለወሬ የሚተርፍ አንዲት ቁጥቋጦ አለች። ስሟን ያወጣችላት ራሷ ናት፤ መራሪት ብላ። ሆዱን ለቆረጠው፣ ምግብ አልረጋ ላለው ሁሉ ቅጠሏን አፍልታ በብርጭቆ ትሰጥ ነበር። ሰው ፊቱን አጨማዶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይጠጣል፤ በማግስቱ እየሳቀ "እጅሽ ይባረክ" ሊል ይመለሳል። አንድ ጊዜ የጎረቤቷ ባል ታመመ። እሱም እንደ ሰው ሁሉ መጣ፣ ጠጣ። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

ሚስቱ ከለቅሶው መሀል ብድግ ብላ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ባሌን ያ መራራ ውሃሽ ነው የበላው!" አለች። በቃ። ክስ የለ፣ ፖሊስ የለ፣ ሐኪም የመረመረው የለ፤ ግን የሰው አፍ ከማንም ዳኛ ይብሳል። ትናንት "እጅሽ ይባረክ" ያሉ ሁሉ በማግስቱ መንገድ ቀይረው ማለፍ ጀመሩ። ልጆች ሳይቀሩ "መርዘኛዋ" እያሉ በአጥሩ ሥር ይሮጡ ነበር። እናትየዋ አልተከራከረችም፣ አልተሳደበችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም አንዲት ቅጠል ቆርጣ አልሰጠችም። ጎረቤታሞቹም፣ ስኳር ይበዳደሩ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው እየኖሩ ሰላምታ እንኳ አቋረጡ።

ልጅቷ ያኔ ተማሪ ነበረች። ሌላው ጓደኛዋ ሁሉ ሐኪም እሆናለሁ፣ መሐንዲስ እሆናለሁ ሲል እሷ "የመርዝ ነገር ነው የማጠናው" አለች። ሰው ሳቀባት። ይሳቅ! ተምራ፣ ተመርቃ፣ ከአንድ የመድኃኒት ምርምር ተቋም ገባች፤ ስንቱን የሰው ቅጠልና ሥር ከፈተሸች በኋላ ደግሞ የእናቷን ቅጠል እንድትመረምር እንዲፈቀድላት ጠየቀች። መጀመሪያ አይሆንም ተባለች። እንደገና ጠየቀች። አሁንም አይሆንም። እሷ ግን ለምና የምትተው ዓይነት አይደለችም፤ ዳይሬክተሩን አሰልችታ አሰልችታ በመጨረሻ "እሺ፣ ተገላገልኩሽ" አስባለችው።

ቅጠሉን በገዛ እጇ የለቀመችላት እናቷ ናት። ከረጢቱን ሞልታ ሰጠቻት። "የምታገኚውን ሳትደብቂ ንገሪኝ" አለቻት። "ክፉም ቢሆን ንገሪኝ። እናቴ ናት ብለሽ እንዳትሸፋፍኚው።"

ልጅቷም ቃል ገባች።

ሥራው ለሚያውቀው ቀላል ነው። ቅጠሉ ተፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ ውሃው በሙቀት እስኪተን ተጠብቆ፣ መጨረሻ ላይ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በውሃ እየተበጠበጠ፣ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ቀጭን ቱቦ ለነጫጭ አይጦች በየቀኑ ይሰጣል። ውሃ ብቻ የሚጠጡ አሉ፤ ትንሽ የሚሰጣቸው አሉ፤ መካከለኛ አሉ፤ ደግሞ ትልቁን መጠን፣ ማለትም እናቷ ለሰው ትሰጥ ከነበረው በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የሚጋቱ አሉ። ከነዚህ ከመጨረሻዎቹ ገሚሶቹ የቅጠሉ ጭማቂ ከቆመላቸው በኋላ እንዲያርፉ ይተዋሉ፤ ጉዳት ቢደርስባቸው እንኳ ይድኑ እንደሆነ ለማየት። ከዚያ ደማቸው ይመረመራል፣ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ይታያል።

የአይጦቹ ክፍል ጌታ ጋሽ ጸጥታ ናቸው። ይህን ስም ያወጣላቸው የተቋሙ ሰው ሁሉ ነው፤ በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሁሉ "ጸጥታ! ተኝተዋል!" እያሉ ስለሚያባርሩት። አይጥ ዋናው እንቅልፉ በቀን ነው፤ እውነታቸውን ነው። ራሳቸው ግን ከአይጦቹ ጋር ሲያወሩ ነው የሚውሉት። "አንተ ወፍራሙ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የምታኮርፈኝ?" ይላሉ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሯቸውን አቅንተው። ሳጥን ያጥባሉ፣ መኝታ ይቀይራሉ፣ ጭማቂውን በቱቦ ሲሰጡ እጃቸው እንደ ላባ ነው። አንድም አይጥ በእጃቸው ታንቆ አያውቅም። ዶክተሯ ከማንም በላይ የምታምነው እሳቸውን ነው።

ውጤቱ የወጣ ቀን ጠዋት ዶክተሯ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። ውሃ ጠጪዎቹ ደህና። ትንሹ መጠን ደህና። መካከለኛው ደህና። ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ከዚያ ትልቁን መጠን አየች፤ እጅና እግሯ ተያያዘ። ጉበታቸው ታውኳል። ድጋሚ ለካች። ያው ነው። ጉበቶቹ ሲመዘኑም አብጠዋል፤ ከሌሎቹ ጎን ሲቀመጡ ዕውር ይለያቸዋል።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ገረፍ ገረፍ አደረገና ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቸኩሎ የተፈጠረ ሰው ነው። ሲናገርም ሲፈርምም ይቸኩላል።

"ይኸውልሽ ዶክተር፣ መርዝ ነው። መዝጊያ ሪፖርቱን ጻፊና እንገላገል።"

"የትልቁ መጠን ብቻ ነው እኮ።"

"መጠኑ ሲጨምር ጉበት ከታመመ ሌላ ምን ቀረ? ላስተምርሽ እንዴ?" ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። "የማን ቅጠል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አዝናለሁ። ግን አይጥ ይሉኝታ የለውም።"

እውነቱን ነው። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

የዚያን ዕለት ቤት ስትገባ እናቷ አይጦቹ እንዴት ዋሉ አላለቻትም። በሩ ላይ ፊቷን አየችው፣ አለቀ። ልጅቷ "እማዬ፣ ገና ነው፣ ሙሉ በሙሉ አላለቀም" ልትል አፏን ስትከፍት፣ እናቷ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻትና ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። በማግስቱ ጠዋት ዶክተሯ በመስኮት ወደ ጓሮ ስታይ፣ እናቷ አፈር ላይ ተንበርክካ መራሪትን ከነሥሯ ትነቅላለች። ያቺ ወገቧን የሚያማት አሮጊት! በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ ኋላ እየተንጋለለች ትጎትታለች። ልጅቷ ልትከለክላት እስከ ጓሮው በር ሄደች፤ ግን በምን አፏ ትከልክላት? ቆማ አየቻት።

ቢሮ ገብታ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረች። ቃል ገብታለቻ፤ እናቷም ብትሆን አትሸፋፍንም። ጻፈች፣ ጻፈች፣ ጻፈችና እንዲያርፉ የተተዉት አይጦች ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ጭማቂው ከቆመላቸው ቆይቷል። ጉበት ደግሞ ቻይ ነው፤ የሚጎዳውን ነገር ካቆሙለት ቶሎ ይመለሳል፣ ቢያንስ ወደ መመለሱ ያዘነብላል። የነዚህ ግን ንቅንቅ አላለም። ጭማቂውን ዛሬም እየተጋቱ እንዳሉት ያህል ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ሲያይ "ጭራሽ የማይድን መርዝ!" ብሎ ነበር ያለፈው። እሷ ግን ብዕሯን አስቀመጠች። የማይድን ቢሆን ኖሮ በጉበታቸው ላይ ጠባሳ ይታይ ነበር፤ ጠባሳ የለም። እነዚህ አይጦች ያለፈ ጉዳት ይዘው የቀሩ አይመስሉም። ዛሬም፣ አሁንም፣ አንድ የሚጎዳቸው ነገር አለ።

"ምን እየበላችሁ ነው እናንተ?" አለች ለብቻዋ፣ ጮክ ብላ።

ወደ አይጦቹ ክፍል ሮጠች። ጋሽ ጸጥታ በር ላይ "ጸጥ..." ሊሉ ሲሉ አለፈቻቸው። ከሚያርፉት አይጦች የቀሩት በሳጥናቸው ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ምግባቸውን አየች፤ የሁሉም አንድ ነው። የውሃ ጠርሙሱን ነቅላ አሸተተች፣ ቀመሰች፤ ውሃ ነው። አየሩ፣ መብራቱ፣ ሙቀቱ ያው ነው። ተስፋ ቆርጣ ሳጥኑ ፊት ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች፤ ያኔ ነው ሽታው አፍንጫዋን የመታት። ደስ የሚል፣ ጣፋጭ የእንጨት ሽታ። አዲስ የልብስ ቁምሳጥን የተከፈተ ነው የሚመስለው።

ተነስታ የውሃ ጠጪዎቹን ሳጥን አሸተተች። ያው የአይጥ ሽታ ነው። የትንሹን መጠን አሸተተች። አይጥ። የመካከለኛውን። አይጥ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰችና ከመኝታው በእጇ ዘገነች። ቀላ ያለ፣ የተጠቀለለ፣ ለስላሳ የእንጨት ፍቅፋቂ።

"ጋሽዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

የጋሽ ጸጥታ ፊት በኩራት በራ። "ያምራል አይደል? ጥድ ነው። እዚያ አናጢው ጋ ነው የማገኘው። ጥቂት ነው የሚተርፈው፣ ለሁሉም አይበቃም።"

"ታዲያ ለማን ነው የሚያነጥፉት?"

"ለነዚሁ ለምስኪኖቹ ነዋ! ቀይ ምልክት ላለባቸው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አይጦቹ እንዳይሰሟቸው ይመስላል። "የኔ ልጅ፣ ያንን ሁሉ መራራ እየጋትኳቸው አንጀቴን በሉኝ እኮ። ሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ነው የሚጠጡት፣ ይችሉታል። እነዚህ ግን... ቢያንስ መኝታቸው ይመር እንዴ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለነሱ ብቻ መልካሙን አነጥፋለሁ። አሁን ደግሞ የሚያርፉት በሽተኞች ናቸው፣ እንዴት አድርጌ አውጥቼ ሻካራ ላይ ልጣላቸው?"

ዶክተሯ አፏን ያዘች። ልታንቃቸው ነው ልትስማቸው? ራሷም አላወቀችውም። የጥድ ሽታ አይጥ ሲተነፍሰው ጉበቱን እንደሚያስጨንቅ፣ እንደሚያሳብጠውም፣ ተማሪ ሳለች አንብባለች፤ በፈተና ላይ መጥቶላትም መልሳለች! ግን ማን ያስባል? በዚያ ቤት መኝታ ሁልጊዜ ያው ሽታ የሌለው ተራ ሳጋቱራ ነው። ርኅራኄ ፊት ለፊት ቆሞ ውጤቷን ያበላሻል ብሎ የሚጠረጥር ሰው የት አለ?

ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ከሳጥኖቹ ዐይናቸውን አልነቀሉም።

"እኔ ነኝ?" አሉ። "እኔ ነኝ ያሳመምኳቸው? ይድላቸው ብዬ?"

"ገና አላወቅንም ጋሽዬ። ቅጠሉም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።"

"ለዳይሬክተሩ ራሴ ነኝ የምነግረው" አሉና ተነሱ። "ካባረረኝም ያባርረኝ። አንቺ ብትነግሪው ለናቷ ብላ ፈጠረችው ነው የሚልሽ።"

አልተሳሳቱም። ዳይሬክተሩ ሽማግሌውን አንገታቸውን ደፍተው ሲናገሩ ጨርሶ ሰማቸውና ወደ እሷ ዞረ። "ይሄ ምክንያት ነው ወይስ ሰበብ?"

"አላውቅም" አለችው። "እርስዎም አያውቁም። ስለዚህ አይጦቹን እንደገና እንጠይቅ። እኔ ግን እጄን አላስገባም። ከመራሪት የተረፈውን ዱቄት በጥብጠው ጠርሙሶቹን እርስዎ ይሙሏቸው። ውሃውም እንዳይለይ ቀለም ይጨመርበት። ክዳናቸውን በቀለም ይለዩት፣ የትኛው ቀለም ምን እንደሆነ እርስዎ ብቻ ይወቁ። ከአይጦቹ ክፍል እግሬን አነሳለሁ። የሚመጣልኝን ደምና ጉበት ብቻ አነባለሁ። ለሁሉም ሻካራውን መኝታ ይነጠፍ። ደግሞ አንድ ምድብ ይጨመር፤ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ጥድ ላይ የሚተኛ።"

"ከዚያ በኋላም መርዝ ቢወጣስ?"

"ያኔ ሪፖርቱን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለናቴ በገዛ አፌ እነግራታለሁ።"

ዳይሬክተሩ ለአንድ ጊዜ ሳይቸኩል አሰበ። ይገርማል፣ ግን አሰበ። "እሺ" አለ።

ወራቱ እንዴት እንዳለፉ እሷና ፈጣሪዋ ናቸው የሚያውቁት። በአይጦቹ ክፍል ኮሪደር ማለፍ ስለማይገባት ዞራ በጓሮ ደረጃ ትወጣ ነበር። ጋሽ ጸጥታን ሻይ ቤት ስታገኛቸው "እንዴት ናቸው?" ማለት ስለማትችል ስለ አየሩ ጠባይ ታወራቸዋለች፤ ሁለት ሰዎች ያንን ያህል ስለ ደመና አውርተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ሽማግሌው ሳይጠየቁ "ለሁሉም እኩል ጨካኝ ሆኛለሁ" አሉና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ሄዱ። እሷ እየሳቀች ዐይኗን ጠረገች።

ቤት ውስጥ ደግሞ ዝምታው ሌላ ነው። እናቷ ስለ አይጦች አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ልብስ ታጥፋለች፣ ታጥባለች፣ ያጠበችውን መልሳ ታጥባለች። ልጅቷ እንደገና እየሞከረች መሆኑን ልትነግራት ስንት ጊዜ ከጀለች! ግን የውሸት ተስፋ ከሰጠቻት በኋላ መልሳ ብትነጥቃትስ? አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይሰበራል? ተወችው።

የመጨረሻው ቀን ዳይሬክተሩ ላብራቶሪው ድረስ መጣ። ጋሽ ጸጥታም የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆሙ። ዶክተሯ ውጤቱን ሁሉ አንብባ ጨርሳለች፤ ግን የቀለሞቹን ትርጉም ስለማታውቅ ያወቀችው ነገር የለም። አንደኛው ቀለም ታሟል፤ ሌሎቹ ሁሉ ደህና ናቸው። የታመመው የናቷ ነው ወይስ የአናጢው? ሌሊቱን ስታገላብጠው ነው ያደረችው።

"እሺ ዶክተር" አለ ዳይሬክተሩ። "ንገሪኝ።"

"ሰማያዊው ንጹሕ። ቢጫው ንጹሕ። ነጩ ንጹሕ።" ወረቀቱን ገለጠች። "አረንጓዴው ንጹሕ፤ እንዲያውም ከሁሉም ያማረ ጉበት የሱ ነው። ቀዩ ግን አብጧል። ደሙም ታውኳል። ልክ እንደ በፊቱ ነው።"

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው። ሽማግሌው በሩ ላይ "አቤት ጌታዬ!" ሲሉ ተሰማ።

"ቀዩ ውሃ ነው" አለ ዳይሬክተሩ። "ውሃና የጥድ ፍቅፋቂ።"

"ትልቁስ?" አለች እሷ። "ትልቁ መጠን የቱ ነው?"

"አረንጓዴው።"

እንዴት ብሎ ይነገራል! ዶክተሯ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሽ ጸጥታ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት "ጸጥታ!" ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ "እሰይ! እሰይ! እሰይ!" ብለው ጮኹ። ከየቢሮው ሰው ምን መጣ ብሎ ወጣ። ሽማግሌው ያገኙትን ሁሉ እያቀፉ "ንጹሕ ናት! መራሪት ንጹሕ ናት!" ይላሉ፤ የታቀፈው ሰው መራሪት ማን እንደሆነች እንኳ አያውቅም፣ ግን አብሮ ይስቃል። ዳይሬክተሩ እጁን ዘረጋላት። "መርዝ ነው ብዬሽ ነበር" አለ። "ቸኮልኩ። ይህን ደግሞ በስብሰባው ላይ በራሴ አፍ እናገረዋለሁ።" እውነትም በኋላ ተናገረው፤ ለዚህ ሰው ይህ ተራራ መግፋት ነው።

ዶክተሯ ነጩን ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው የወጣችው። መንገዱን በምን እንደሄደችው አታስታውሰውም። ስትገባ እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትራስ ትሰፋለች።

"እማዬ፣ እንደገና ሞክሬው ነበር። አልነገርኩሽም።"

መርፌው ቆመ።

"ንጹሕ ነው።" የጥዱን፣ የፍቅፋቂውን፣ የሽማግሌውን ደግነት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። እናቷ ገሚሱን የሰማችም አትመስል፤ ዐይኗ ልጇ አፍ ላይ ተተክሏል።

"ያ ሰውዬስ?" አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ ልትዋሽ አልፈለገችም፤ ዛሬማ ጭራሽ። "በምን እንደሞተ አላውቅም። ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቅጠሉም ለሰው መድኃኒት ነው ለመባል ገና ብዙ ይቀረዋል። ግን የኔ አይጦች፣ በሰውነታቸው ልክ ሲሰላ፣ አንቺ ከሰጠሽው ብርጭቆ ብዙ እጥፍ ለወራት ጠጥተው ምንም አልሆኑም።"

"በሰው ቋንቋ ንገሪኝ።"

"አንድ ብርጭቆሽ አልገደለውም፣ እማዬ። አልገደልሽውም።"

"ድገሚልኝ።"

"አልገደልሽውም።"

እናቷ ትራሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ትከሻዋ ሁሉ ይርገፈገፋል። ልጅቷ አቀፈቻት፤ "እኔ እኮ ድሮም አውቀው ነበር፣ አንቺም ታውቂው ነበር" አለቻት ልታጽናናት።

እናቷ ቀና አለች። "እኔማ መች አውቄ?"

"ምን?"

"ገድዬዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ሁልጊዜ። ያ ብርጭቆ በእጄ እንዳለ ነው የምተኛው፣ በእጄ እንዳለ ነው የምነቃው።"

ዶክተሯ ክው አለች። እሷ ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው፣ የለመነችው፣ የደከመችው እናቷ ንጹሕ መሆኗን ራሷ ታውቃለች፣ የቀረው ለሌላው ሰው ማሳየት ነው ብላ ነበር። "ታዲያ ለምን ቅጠሉን በእጅሽ ለቅመሽ ሰጠሽኝ?"

"ገዳይ ከሆንኩ ልወቀዋ! ከባዳ አፍ ከምሰማው ካንቺ ብሰማው ይሻለኛል ብዬ ነው።"

ከዚያ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፣ ሻሿን አጠበቀች፣ ተነሳች። ወገቧን ረስታዋለች። "ወዴት ነው?" ብትላት መልስ የለም። በሩን ከፍታ ወጣች፣ ልጅቷም በካፖርቷ ተከተለቻት። እናቷ የጎረቤትየዋን በር አንኳኳች፤ ቀስ ብላ አይደለም፣ በቡጢ።

በሩ ተከፈተ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ እሷም አርጅታለች። ማን እንደሆነች ስታይ ፊቷ ጠቆረ፣ ልትዘጋውም ቃጣት።

"ባልሽን እኔ አልገደልኩትም" አለች እናትየዋ። "ዛሬ ነው ያወቅሁት።"

የሴትየዋ እጅ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ቁጣ ለመስማት፣ እርግማን ለመመለስ ተዘጋጅታ ነበር፤ ይህን ግን አልጠበቀችም።

"ዛሬ?" አለች። "እስከ ዛሬ አታውቂም ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"ይህን ሁሉ ዓመት?"

"ይህን ሁሉ ዓመት።"

ሴትየዋ ልጅቷን በነጭ ካፖርቷ አየቻት፣ መልሳ እናትየዋን አየቻት። "እኔ እኮ" አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ "ተኝተሽ የምታድሪ መስሎኝ ነበር። እሱ ነበር የሚያቃጥለኝ። እሷ እዚያ ማዶ ተኝታለች፣ እኔ እዚህ እገላበጣለሁ እያልኩ..."

አልጨረሰችውም። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችውና ሁለቱ አሮጊቶች ተያያዙ። መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ የትኛዋ እንደጀመረችው አይታወቅም፣ መሳቅ ጀመሩ፤ እየሳቁ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይስቃሉ። የሰፈሩ ሰው ጫጫታውን ሰምቶ ከየቤቱ ወጣ። ዶክተሯ መንገዱ መሀል ቆማ ለሚጠይቃት ሁሉ፣ ለማይጠይቃትም፣ "እናቴ ናት! እናቴ ናት!" ትላለች፤ ሌላ የምትለው ነገር አልመጣላትም።